አገሮቹ ዝም ያሉ ዕለት

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ጉንደ ወይን ሻይ ቤት እልል ያሉበትን ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እናታቸው ስትነግራቸው ታሳጥረዋለች። እኔ ደግሞ መንገድም ወሬም ሲረዝም ደስ ይለኛል።

ያን ጊዜ ቢቸና ነበርሁ። ሞጣ ያለች ታላቅ እህቴ ታማ ተነስታ ነበርና ልጠይቃት ስነሳ፣ ልጄ፣ ያችው እናታቸው፣ ከአዲስ አበባ መኪና ከነሾፌሩ ይዛ መጣች፤ «እኔው አደርስሻለሁ፣ እማ» አለችኝ። የልጄ ሥራ መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ማኅበር የገቡ አገሮች አሉ፤ ከማኅበሩ ውጭ ላለ አገር ሲናገሩ በአንድ አፍ እንዲናገሩ ቃላቸውን የምታስማማው እሷ ናት። እኛም ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ስንልክ፣ መንገድ ላይ ተማክረው አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አያፈርስበትም። እንደዚያው ነው።

የዚያን ዕለት ነገር ከባድ ነበር። ለሥራ ባሕር ተሻግረው የሄዱ ሴቶች ልጆች በሰው አገር ታጉረው ቀርተዋል። የቢቸና ጎረቤቴም ልጅ እዚያ ናት፤ እናቲቱ እህል አልወርድ ብሏት ከስታለች። አገሮቹ ባንድነት «ልቀቋቸው» ሊሉ ነው፤ አንዱ እንኳ ከተቃወመ ግን ቃሉ ይወድቃል።

ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንደርስ ልጄ መኪናውን አስቆመች። ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ ይጠፋል አሉ። ሻይ ቤት ገብተን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ዓይኗን ተከለችበት።

«ምን እስኪሉሽ ነው?» አልኋት።

«ምንም እንዳይሉኝ ነው የምጠብቀው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም ካልተናገረ ተስማምተዋል ማለት ነው።»

እኔ ደነገጥሁ። በእኛ ዘንድ እርቅ ሲቀመጥ ዝም ያለ ሰው ገና ያልበረደለት ነው፤ ሽማግሌው ዞሮ ዞሮ ሳያናግረው አይነሳም።

«ልጄ፣ አኩርፈው ይሆናል! ደውይና አባብያቸው!»

«ኧረ እማ፣ ዝም በይ! ከነካኋቸው ይናገራሉ!»

ሾፌሩ ሳቀብን። «አሁን እርስዎ አምባሳደር ቢሆኑ ይህ ነገር ተበላሽቶ ነበር» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ሻይህን ጠጣ!» አልሁት።

ልጄ ከሁሉ የምትፈራው የአንዱን አገር መልእክተኛ ነበር። ሲማከሩ ሰንብተው፣ አንዱ «እናወግዛለን» ካልተባለ ሲል፣ ሌላው «እንለምናለን» ይበቃል እያለ፣ «አጥብቀን እንጠይቃለን» ላይ ሲደርሱ ሰውየው እሺም እንቢም አላለም።

ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ስልኩ ጮኸ። ልጄ ፊቷ አመድ መሰለ። አነሳችው። የእህቴ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «እናንተ የት ገባችሁ? ዶሮው እሳት ላይ ሊያልቅ ነው እኮ!»

«አክስቴ፣ በማርያም ይዝጉት!» አለችና ስልኩን ዘጋችባት። ሞጣ ስንደርስ ስለዚህ የሰማነውን አልናገርም።

ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ከመሥሪያ ቤቷ አጭር መልእክት ገባ፤ ማንም አልተናገረም፣ ቃሉ ጸድቋል። ልጄ ራሷን እኔ ጭን ላይ ጣለች። እኔም አላስቻለኝም፣ እልል አልሁ። ባለ ሻይ ቤቷ ከጓዳ ብቅ አለች፦

«እሰይ! ማን ወለደ?»

«አገሮች ተስማሙ!» አልኋት።

«የኛዎቹ?» ብላ አሳቀችን።

እስከ ሞጣ ያለው ጎርባጣ መንገድ አልታወቀኝም፤ ልጄ እንቅልፍ ወስዷት ትከሻዬ ላይ ሄደች። ሴቶቹም ወዲያው ባይሆን ቀስ በቀስ ተለቀቁ። የጎረቤቴ ልጅ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዛ ቢቸና ገባች፤ እናቷ ያን ቀን ስትበላ አየኋት።

ስለዚያ መልእክተኛ ልጄ የነገረችኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ከአገሩ «ተቃወም» የሚል ትእዛዝ እንደሚመጣበት አውቆት ኖሯል። ስልኩን ቢሮው ትቶ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጦ ነበር።