አታካናውን ማን ይጨልፍ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የተማሪ ካውንስል ፕሬዚዳንት ነበርኩ። ፕሬዚዳንት ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል አይደል? ኧረ ተዉኝ! ሥራዬ ያረፈደ መመዝገብ፣ ሰልፍ ላይ የሚያወራውን ዝም ማሰኘት፣ ዳይሬክተሩ "እስቲ ያንን ልጅ ጥሪልኝ" ሲሉ መሮጥ ነበር። ግን ደረቴ ላይ ባጅ ነበረችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ባጇን እወዳት ነበር።

ሆሳዕና ላይ ኅዳር ሲጋመስ ትምህርት ቤቱ ሌላ ይሆናል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ደርሷላ። በሜዳው ዙሪያ ድንኳን ይተከላል፤ የሀዲያ፣ የከምባታ፣ የጉራጌ፣ የስልጤ፣ የወላይታ እያለ ይቀጥላል። በየድንኳኑ ደጃፍ የባህል ልብስ የለበሰ ተማሪ ቆሞ እንግዳ ያስተናግዳል። ማን የት እንደሚቆም የሚመድበው ካውንስሉ ነው። በዓመት አንዴ ሥልጣን የምትመስል ነገር እጄ የምትገባው ያን ጊዜ ነበር።

በዚያ ዓመት የሀዲያን ድንኳን ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ነው፤ በእግሯ እየተመላለሰች ትማራለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ በገበያ ቀን ድስት፣ እንስራና ጣባ ይሸጣሉ። እኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ለብቻው ነው። ዕቃውን ሁሉም ቤቱ ያስገባል፤ ሠሪውን ግን አያስገባም፣ ከእጁም አይበላም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም፤ ዝም ብሎ ይታወቃል። እኔ ምሳዋን በየቀኑ እየተሻማሁ ስለምበላ፣ ነገሩ የድሮ ሰዎች ጣጣ ነው፣ አልፎበታል ብዬ ደምድሜ ነበር።

"እኔ?" አለችኝ ስነግራት። "ፊት ለፊት? ከነልብሱ?"

"ከነልብሱ፣ ከነጨሌው።"

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አፏን የፈታችው በሀዲይኛ ነው፤ ግን ሀዲያ ነኝ ብላ ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። "አንድ እንግዳ ከእጄ ተቀብሎ ሲበላ እናቴ ብታይ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

በቀኑ በጋሪ መጣች። ጋሪው ላይ እናቷ ለሁሉም ድንኳን እንዲሆን የላኩት ጣባ፣ በሣር ተጠቅልሎ፣ ተደርድሯል። እሳቸው ገበያቸውን ጨርሰው ሊመጡ ነው። ጣባውን ሁሉም ድንኳን እልል ብሎ ተቀበለ። እሷም ልብሱን ለበሰች። አምሮባት ነበር፣ እውነቴን ነው!

ከድንኳኑ ኋላ አታካና የሚሠሩት እናቶች ናቸው። አታካና የሀዲያ የክብር ምግብ ነው፤ የእንሰት ቡላው በቅቤና በወተት ሲበስል ሽታው ከበር ይጠራል። ከእናቶቹ አንዷ የእኔ እናት ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች። ጓደኛዬን አየቻትና ፈገግ አለች።

"የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ ቆንጆ?"

ጓደኛዬ የማን እንደሆነች ሳትደብቅ ነገረቻት። የእናቴ ፈገግታ አልጠፋም፤ እዚያው ደረቀ እንጂ። እኔን በክንዴ ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ።

"አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ?"

"ምን አደረግኩ፣ እማዬ?"

"እኔ ምንም ችግር የለብኝም። ቁስላቸውን የማጥበው፣ ልጃቸውን የማዋልደው እኔ አይደለሁ? ሰዉ ነው። ሰዉ አይበላም።"

"ሰዉ ማነው?"

በማማሰያው ሜዳውን በሙሉ አሳየችኝ። "ልጅቷን አታሳፍሪያት። ከኋላ ሆና እንጨት ታቀብል።"

"ተመድባለች!" አልኩና ወደ ዳይሬክተሩ በረርኩ። ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ሰሙኝ። "አየሽ፣ ይሄ ስስ ጉዳይ ነው" አሉ። "ከፕሮግራሙ በኋላ እንወያይበታለን።" ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ብዝኃነታችን ውበት ተናገሩ፤ እኛም አጨበጨብን።

እንግዶቹ በየድንኳኑ መዞር ጀመሩ። የእኛ ጋ ሲደርሱ ጓደኛዬ ጣባውን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለች። "ኦ! ግሩም ነው!" አሉ፤ አጠገቧ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ አለፉ። አንዷ ጨጓራዋን ያዘች። አንዱ "አሁን ገና በላሁ" አለ። አብዛኛው ግን ጾም ነው አለ። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ ቅቤና ወተት ለኦርቶዶክሱ አይሆንም፤ በዚህ ማንንም አልከስም። ነገር ግን የሲቪክስ አስተማሪያችን፣ ፕሮቴስታንት፣ ጠዋት ሻይ ቤት እንቁላል በዳቦ ሲያጣጥሙ ያየኋቸው ሰውዬ፣ ደረታቸውን ይዘው "ጾም ጸሎት ላይ ነኝ፣ ልጄ" አሏት። እሷም "እግዚአብሔር ይስማዎት፣ ቲቸር" አለቻቸው። እኔ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ጣባውን ተቀበልኳትና ቆሜ መብላት ጀመርኩ። "ኑ እንጂ! እንዴት ይጣፍጣል!" እያልኩ እንደ ገበያ ነጋዴ ጮህኩ። የካውንስል አባላቱን በዓይኔ ጠራኋቸው። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰ፤ ሲያስር፣ ሲያስር ቀረ። ምን ልበል? አስገድጄ አላጎርሰው! ባጇን እያሳየሁ ብላ ልበለው?

በዚህ መሐል እናቷ መጡ። ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ከአጥሩ ጥግ ቆሙ። ልጃቸውን በዚያ ልብስ ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ደስ ሲላቸው እንደዚያ ያደርጋሉ።

ያኔ ነው እናቴ ከኋላ ብቅ ያለችው። ክፉ ቃል አልተናገረችም። ከዚያው ድስት አታካናውን በትልቅ የብረት ሳህን ገለበጠችና በዩኒፎርም ለቆመች ሌላ ልጅ ሰጠቻት፤ ከድንኳኑ ትንሽ ራቅ አድርጋም አቆመቻት። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። ጨጓራ ያመማትም መጣች፣ የጠገበውም መጣ። የሲቪክስ አስተማሪያችን ሁለተኛ ጭልፋ ሲያስጨምሩ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ጓደኛዬም አየች።

"ጾሙ ተፈታ እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

 ወደ አጥሩ ዞርኩ፤ እናቷ ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደዋል። ወደ እናቴ ዞርኩ፤ እሷ ዓይኗን አሸሸች። ዳይሬክተሩ ከወላይታ ድንኳን ጋ እየጨፈሩ ነው።

"እኔ ምን ላድርግ?" አልኳት፤ እያለቀስኩ ነበር። "ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?"

"ምንም" አለች። ከድስቱ ግርጌ የቀረውን ጨለፈች። "እናቴ እያየችን ነው። ቅቤው ሳይረጋ ብዪ።"

ጣባውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ አቀረበችልኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀብዬ በላሁ።