ስልክ ከንፈር የለውም

ፌርማታው ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ ሰማያዊ የፋብሪካ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወጉኛል። ከባለቤታቸው ጋር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አብረው ሠርተዋል። የማሽኑ ጩኸት ስለማያሰማ፣ የተዋደዱት አንዳቸው የሌላውን ከንፈር እያዩ በማውራት ነው፤ በኋላ ጩኸቱ የእሳቸውን ጆሮ ጨርሶ ደፈነው። ፋብሪካው ሲዘጋ እሳቸውን የሚቀጥር ጠፋ፤ ባለቤታቸው ሰው ቤት ለመሥራት ሰው አገር ሄዱ።

«ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም» ብለው ሳቁ።

ወዲያው ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ፈጥነው አውጥተው ዘረጉልኝ።

«እሷ ናት። የምትለውን ስማልኝና ንገረኝ፤ አትጩህ ልጄ፣ ከንፈርህን አያለሁ።»

ማንነቴን ለሴትየዋ ነገርኳቸው።

«ዘንድሮም አልመጣም በልልኝ፤ አሠሪዎቼ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ተወው ወንድሜ። ደህና ናት፣ ምሳህን ብላ ብላሃለች በለው» አሉ።

እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ሰውየው ዓይናቸውን ከከንፈሬ አልነቀሉም።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ አባባ።»

ስልኩን ተቀብለው የማይሰማ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። አውቶቡሱ መጥቶ ከተሳፈርኩ በኋላ በመስኮት አየኋቸው። «እሺ... እሺ...» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።