ቦግዳን ማነው?

የእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ሽታ ነው። ቀጥሎ አንድ እኩያዬ መሐንዲስ ተነስቶ የፍራሹን ግማሽ ለቀቀልኝ። በወጣትነቱ ኪየቭ ተምሯል። ሚስቱ ከተጋቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ እሱ ከታሰረ በኋላ ወንድ ልጅ ወልዳለች። "ስሙን አባቱ ያውጣለት" ብላ ልካለች።

"ቦግዳን እለዋለሁ" አለኝ። "እዚያ ስታመም ሾርባ እያመጣ ያስታመመኝ የዶርም ጓደኛዬ ስም ነው። የስላቮች የጥንት ስም ነው፤ ቦግ እግዜር፣ ዳን የተሰጠ። ልጅ ዘግይቶ ሲመጣላቸው ያወጡታል ብሎኛል።"

"ታዲያ ሀብተ እግዚአብሔር አትለውም?"

"እሱማ የአጎቴ ስም ነው። አጎቴን ስለማታውቀው ነው።"

ሳቅን። ብጣሽ ወረቀት ላይ "ቦግዳን በሉት" ብሎ ጻፈና ወደ ቤት በሚመለሰው የምሳ ዕቃ ክዳን ውስጥ ደበቃት። ወረቀቷ በር ላይ ፍተሻ ተያዘች።

ከሰዓት በኋላ የተጠራሁት እኔ ነኝ። መርማሪው ሻይ አስመጣልኝ። ከሁሉ ያስፈራኝ ሻዩ ነው።

"ቦግዳን ማነው?"

"አራስ ልጅ ነው፣ ጌታዬ።"

"የምስጢር ስም ነው ብለህ ፈርም። ነገ እናትህ ጋ ታድራለህ።"

እናቴ መታመሟን ያውቃል። ምን አስዋሸኝ፣ እስክሪብቶውን ያዝኩት። ከዚያ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"እግዜር የሰጠው ማለት ነው" አልኩ። "ሌላ የማውቀው የለም።"

ሻዩን ሳልቀምሰው ከፊቴ አነሳው።

ስምንት ወር ቆየሁ። እናቴን በሕይወት አልደረስኩባትም፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። እንደወጣሁ፣ ለቅሶ ሳልቀመጥ፣ የመሐንዲሱ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ልጁን አዝላ በሩን ከፈተችልኝ።

"እስካሁን ማሙሽ እያልነው ነው" አለች። "ማን በሉት አለ?"

ከነትርጉሙ ነገርኳት። ወደ ትከሻዋ ዞር ብላ በስሙ ጠራችው። አባቱም በዓመቱ ተፈትቶ አቀፈው።

እኔ አሜሪካ፣ ሲያትል መጥቼ አሁን እዚያው አጠገብ ኦበርን ከተማ መጋዘን ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት የምሳ ብሬክ ላይ፣ አዲስ የገባ ዩክሬናዊ ደረቱ ላይ ባንጠለጠለው ባጅ ያንን ስም አየሁት።

"የስምህን ትርጉም አውቃለሁ" ብዬ ነገርኩት።

ደስ አለው። "ማን አስተማረህ?"

"አብሮኝ የታሰረ ጓደኛዬ።"

ወንበር ሳበልኝና አብረን ምሳ በላን። እናቴን ሳልቀብር የቀረሁበት ስም ነው አላልኩትም። እሱ ምን አጠፋ፤ ጥሩ ስም ነው።