የጋሽ በዳዳ ቀይና አረንጓዴ

ባለፈው ሳምንት ቂሊንጦ አካባቢ ያለ አንድ የሥልጠና ማዕከል ጠርቶኝ ነበር። ወጣቶች የፋብሪካን ሥራ በስክሪን ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ሠርተው ኖሮ፣ አይቼ አስተያየት እንድሰጥ ነው። አንዱ ልጅ ፈጠን ፈጠን እያለ አንድ ፓምፕ ሣለና አሥር ቦታ በተነው። «ይኸውልዎት፣ አንዴ ብቻ ነው የምንሠራው፤ ከዚያ በኋላ የትም ጎትቶ ማስቀመጥ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ፓምፑን አረንጓዴ ቀባው። ለምን አረንጓዴ እንዳደረገው ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «እንዴ! አረንጓዴ ማለት እየሠራ ነው ማለት ነዋ። ይሄንንማ ማን የማያውቅ አለ?»

ደሜ ፈላ። «ማንን ጠይቀህ?» ብዬ ስጮህ እኔው ራሴ በድምፄ ደነገጥሁ። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። ይቅርታ ጠይቄው፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁና ወደ አቃቂ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ንዴቱ ግን አብሮኝ ተሳፈረ። ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ንዴት ስለሆነ መንገዱን ያውቀዋል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሳሪስ ላይ፣ ከአንድ የስልጤ ነጋዴ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ደረጃው ቀኑን ሙሉ የጎማና የግሪስ ሽታ ይሸታል፤ ያንን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። አቃቂ ያለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ሥራ ሰጠን። ስሙን አልጠራውም፤ ፈርሶ ዛሬ ሕንጻ እየተሠራበት ነው። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ አዲስ ቦይለር ሊያስገቡ ስለሆነ፣ ሠራተኞቹ እውነተኛ እንፋሎት ላይ ከመለማመዳቸው በፊት በኮምፒውተር እንዲሠለጥኑና እንዲፈተኑ ፈለጉ። ሐሳቡ ደግ ነበር። ዛሬም ደግ ነው እላለሁ።

የእኔ ድርሻ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን ነገሮች መሥራት ነበር፦ የሚሞላና የሚጎድል ታንከር፣ መርፌው የሚንቀጠቀጥ የግፊት መለኪያ፣ ሲነኩት የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ። ስዕል ብቻ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይሰማዋል። ቦይለር ቤቱ አርባ ቫልቭ ነበረው። አርባውን አንድ በአንድ መሥራት ሰለቸኝና አንዲት «እናት ቫልቭ» ሠራሁ። መልኳን፣ ቀለሟን፣ አከፋፈቷን ለእሷ ብቻ አስተማርኋት፤ የቀሩት ልጆቿ ናቸው፣ ሁሉን ከእሷ ይወስዳሉ። እናቲቱን ስቀይር አርባዎቹ ይቀየራሉ። የዛሬ ልጆች ይህ ብርቃቸው አይደለም። እኔ ግን ማንም ሳያሳየኝ የደረስሁበት ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ቀለሟን ስመርጥ አላሰብሁም። ክፍት ሲሆን አረንጓዴ፣ ዝግ ሲሆን ቀይ። የመንገድ መብራት ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው ብዬ።

ሳልጨርስ አንድ ቀን ቦይለር ቤቱን ለማየት ሄድሁ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ከአስፋልቱ እስከ ፋብሪካው በር ያለው ጭቃ ጫማዬን ሁለቴ አስቀርቶብኛል። ውስጥ ስገባ ደግሞ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የቦይለሩ ኃላፊ ጋሽ በዳዳ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። እዚያ ጩኸት ውስጥ ሁሉም ሲጮህ እሳቸው ወደ ጆሮ ጠጋ ብለው ነበር የሚያወሩት። በየቫልቩ መሪ ላይ በሽቦ የታሰረች መዳፍ የምታህል ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች፤ ባንድ ፊቷ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ የተቀባች። አየኋት። ጌጥ መሰለችኝ ልበል? እንጃ፣ ምንም አልመሰለችኝም።

የፍልሰታ ጾም ነበርና ሠራተኞቹ ምሳ ዕቃቸውን በጋለው ቧንቧ ላይ ደርድረው ያሞቁ ነበር። የሽሮ ሽታ ከነዳጁ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል።

«ነይ ቁጭ በይ ልጄ፣ ምሳ እንብላ» አሉኝ ጋሽ በዳዳ። «እየበላን ሁሉንም አጫውትሻለሁ። ይቺ ቆርቆሮ እኮ…»

«አይ፣ ቸኩያለሁ ጋሼ። የቦይለር ቤቱን ስዕል ከቢሮ ሰጥተውኛል» አልኋቸው።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየሁም። በእኛ አገር ሰው ሥራውን ቢሮ ተቀምጦ፣ ወረቀት ዘርግቶ አይነግርህም። አብረህ ስትበላ ነው የሚነግርህ። ይህን አቃቂ ተወልጄ ያደግሁ የባቡር ሠራተኛ ልጅ አጥቼው ነው? አላጣሁትም። ጫማዬ ረጥቦ ነበር፣ ሞቆኝ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አውቃለሁ ባይ ነበርሁ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ የእኔ ቦይለር፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ኮሚቴው። ሰብሳቢው የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ታምሩ ነው። አቶ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ ስለሚለኝ ትቼዋለሁ። አለቃዬም ከጎኔ አለ፤ ጠዋት ደረጃው ላይ «ርክክቡ ዛሬ ነው፣ አደራ ሂሩት» ብሎኛል። መጀመሪያ የተጠሩት አንጋፋው ጋሽ በዳዳ ናቸው። ንጹሕ ካፖርት ለብሰው መጡ። ማውስ ነክተው አያውቁም ነበር፤ ጠዋት በባዶ ስክሪን ላይ ግማሽ ሰዓት አለማምጃቸው ከእኔ በላይ ረጋ ብለው ያዙት። ስለዚህ ማውሱን ምክንያት የሚያደርግ ካለ ውሸት ነው።

ፈተናው ይህ ነበር፦ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ተፈታኙ የነዳጁን ቫልቭ ዘግቶ የእንፋሎት ማስተንፈሻውን መክፈት አለበት። ጋሽ በዳዳ ስክሪኑን አዩ። የነዳጁ ቫልቭ አረንጓዴ ነው። ማስተንፈሻው ቀይ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ነገሩ አስቀድሞ ተስተካክሎ የጠበቃቸው መስሏቸው ግፊቱ እስኪወርድ መጠበቃቸው ነበር። መርፌው ወጣ። አሁንም ወጣ። «ለምንድነው የማይወርደው? ተከፍቷል'ኮ!» አሉ። ከዚያ ቦይለሩ ፈነዳ።

ፍንዳታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ብልጭታው፣ ጭሱ፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ፣ ሁሉም ለማሳመሪያ ብዬ ሦስት ቀን የለፋሁበት ነው። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «ፋብሪካችንን አነደዱት'ኮ ጋሽ በዳዳ!» አለ ታምሩ እንባውን እየጠረገ።

ጋሽ በዳዳ ወደ እነሱ አልዞሩም። ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ቀዩ ክፍት አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ቆርቆሮዎቹ ትዝ አሉኝ። ቦይለር ቤት ቀይ ማለት ክፍት ነው፣ ውስጡ እንፋሎት አለ፣ አትንካ ማለት ነው። አረንጓዴ ማለት ተዘግቷል፣ እጅህን ብታስገባም ምንም አትሆንም ማለት ነው። ድሮ አንድ ሠራተኛ የተዘጋ መስሎት ቧንቧ ሲፈታ ሁለት እጁ ተቀቅሏል፤ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮዎቹን ያንጠለጠሉት ራሳቸው ጋሽ በዳዳ ናቸው። ቫልቭ ያዞረ ሁሉ ቆርቆሮዋን ይገለብጣል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው፤ የእኔ ስክሪን ከእነሱ ቤት ጋር ተገላብጦ እንደነበር ለማወቅ ግን ያቺ አንዲት ጥያቄያቸው በቃችኝ።

«ውጭ ይጠብቁን» አላቸው ታምሩ። ወጡ። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተሙ ላይ ስህተት አለ?»

አለቃዬ አየኝ። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው። አለ። ሁለት ፊደል ናት።

«የለም። ሲስተሙ በትክክል ነው የሠራው» አልሁ።

ጸሐፊዋ ጻፈችው። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ፈረምሁበት። አለቃዬ ማታውን ሳሪስ ወስዶ ኬክና ማኪያቶ ጋበዘኝ፤ ኬኩን በላሁት። የበላሁት ኬክ እንኳ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በማግስቱ ጠዋት እናት ቫልቭን ከፍቼ ሁለት ቃል አገለበጥሁ፤ አረንጓዴ ያለውን ቀይ፣ ቀይ ያለውን አረንጓዴ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አርባዎቹም በአንድ ጊዜ ተገለበጡ። ኮምፒውተሩን ይዤ በምሳ ሰዓት ቦይለር ቤት ወረድሁና በዚህኛው ቀን ቁጭ ብዬ በላሁ። ጋሽ በዳዳ ፈተናውን ደገሙት። መርፌው ገና የማስጠንቀቂያው ቢጫ መስመር ጋ ሳይደርስ ነዳጁን ዘግተው፣ ማስተንፈሻውን ከፍተው፣ «እ? አሁንስ?» ብለው ሳቁ። ውጤቱን አትሜ ወደ ታምሩ ቢሮ ሮጥሁ።

ወረቀቱን አላነሳውም። «ቃለ ጉባኤው ጸድቋል እኮ» አለኝ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። የሳቸው አይደለም።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ትክክል ነው ያልሽው? ፈርመሽበታል።»

«ተሳስቼ ነው።»

«እሺ፣ ሲስተምሽ የተሳሳተ ከሆነ ርክክቡን ልሰርዘዋ። ለአለቃሽ ልደውል?» አለና ስልኩን አነሳ።

ስልኩን እንደያዘ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ሰውየው ተመችቶት ነበር። አዛውንቶቹን ከቦይለሩ አንስቶ በዲፕሎማ ልጆች ሊተካቸው ቀድሞ ወስኗል፤ የጎደለው ሰበብ ብቻ ነበር፣ ሰበቡን ደግሞ እኔ በቀለም አሳምሬ ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ዝም ማለት ነውር ነው። እኔ ግን ዝም አልሁ። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ሰዎች ያጋነንሁ ይመስላቸዋል። ፋብሪካው የተረከበው የመጀመሪያውን፣ የተገለበጠውን ሥራዬን ነበር። አዳዲሶቹ ልጆች በእሱ ስለሠለጠኑ ከስክሪኑ ጋር እንዲስማማ ተብሎ የቦይለር ቤቱ ቆርቆሮዎች እንደገና ተቀቡ። በእንፋሎት መሐል ስንት ዓመት የተሠራበትን ልማድ ከእኔ ስዕል ጋር አስተካከሉት።

ጋሽ በዳዳን በር ላይ አቆሟቸው። መስከረም ላይ ለጥገና ስሄድ የጥበቃ ልብስ ለብሰው አገኘኋቸው። ካፖርቱ አጥሯቸዋል፣ የእጅ አንጓቸው ወጥቷል።

«ቦርሳሽን ክፈቺ ልጄ። ደንብ ነው፣ እንዳይከፋሽ» አሉኝ።

ከፈትሁ። በእጃቸው ገለጥ አድርገው አዩና ራሳቸው መልሰው ዘጉልኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። «ጋሼ፣ ያን ቀን…» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝና ወደ ሌላው ጥበቃ ዞሩ።

«ይቺ ናት የነገርሁህ» አሉት። «አለቆቹ ፊት ስለ እኔ የተሟገተችው። ቀለሙን ቀይራ፣ ወረቀቱን ይዛ ሽቅብ የሮጠችው። እነሱ እምቢ አሏት እንጂ እሷስ ያላደረገችው የለም። ጠበቃዬ ናት።»

ሰውየው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሳኝ። «የለም» ስል ጋሽ በዳዳ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። በሩ ከተዘጋ በኋላ የተባለውን አልሰሙም፤ ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር አላውቅም። አፌን ከፈትሁ። ከኋላዬ ሠራተኞች ተሰልፈው ነበር። «ግቢ፣ ግቢ ልጄ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው» አሉኝ። ገባሁ።

ከፋብሪካው ጋር ሥራ እስክንጨርስ ሰባት ጊዜ በዚያ በር አልፌአለሁ። ሰባት ጊዜ ቦርሳዬን ከፍቼላቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ቆሙ።

ለታምሩ ያለኝ ንዴት አርጅቷል። ጡረታ ወጣ ሲሉኝ እንኳ ደንታ አልሰጠኝም። አለቃዬንም ትቼዋለሁ፤ ያንን ቀን ቢጠየቅ ላያስታውሰው ይችላል። ልጁ ላይ በቂሊንጦ የጮህሁት ጩኸት ለማን እንደነበር ሚኒባሷ አቃቂ ድልድይ ሳትደርስ ገብቶኝ ነበር። አርባ ቫልቭ በአሥር ደቂቃ ያረመች ልጅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለማረም ሃያ ዓመት ሲያቅታት ሌላ ማንን ትቆጣለች?

ጋሽ በዳዳ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ትደውልላቸዋለች። በየበዓሉ ይደውላሉ፤ አንዳንዴም ያለ በዓል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወሉ።

«ጠበቃዬ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ጋሼ» አልኋቸው።