ኔትወርክ የሚይዘው ድንጋይ

እኔ ዕቃ ለመምረጥ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ሽንኩርት እንኳ ስገዛ ሁለት ቦታ ዋጋ ጠይቄ ከሦስተኛው እገዛና፣ ቤት ገብቼ ስልጥ የመጀመሪያው ይሻል ነበር እላለሁ። ስለዚህ የምሠራበት ፕሮጀክት «ለመስክ ሥራ የሚሆናችሁን ዕቃ ራሳችሁ ምረጡ» ሲለን ሌሎቹ ደስ አላቸው፣ እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ሥራችን እንጦጦ ላይ በባሕር ዛፉ ምትክ የተተከሉትን አገር በቀል ችግኞች መቁጠር ነው። የጸደቀውን፣ የደረቀውን፣ ከብት የበላውን እየለየን ፎቶ እናነሳለን፣ ካርታ ላይ ምልክት እናደርጋለን፣ በኢንተርኔት እንልካለን። ድሮ በወረቀት ነበር። ወረቀት ዝናብ ይፈራል እንጂ ኔትወርክ አይጠይቅም።

የእኔ ጭንቀት ግን ችግኙ አልነበረም፤ እናቴ ነበረች። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት አብረን እንኖራለን። ከክረምቱ ጀምሮ መርሳት አመጣች። መጀመሪያ ወጥ ላይ ጨው መጨመሯን ረሳች፣ ቀጥሎ የጎረቤቶችን ስም፣ ከዚያ ደግሞ አንዳንድ ጠዋት እኔን። ሁለት ጊዜ ሳናያት ከግቢ ወጥታ አንዴ ታክሲ ተራው ጋ፣ አንዴ ወንዙ ዳር ተገኝታለች። ሥራ ስሄድ የምትጠብቅልኝ ከበራችን ትይዩ ልብስ የምትሰፋ ጎረቤቴ ናት። የተስማማነው አንድ ነገር ነው፤ እናቴ ከበሩ ካለፈች ወዲያው ይነገረኝ። እንግዲህ የምመርጠው ዕቃ ከሁሉ በፊት ተራራ ላይ ሆኜ ያቺን አንዲት ወሬ የሚያደርስልኝ መሆን ነበረበት። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተሳሳትኩት።

አስተባባሪያችን እኔንና ሁለት ወጣት ባልደረቦቼን ይዞ ጉርድ ሾላ አንድ ሱቅ ገባ። ሻጩ ሁለት ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ደረደረልን። አንዱ ጎማ የለበሰ፣ ጡብ የሚያህል ስልክ ነው፤ ወድቆ አይሰበርም፣ ውሃ አይገባውም፣ ፊቱ ግን ትንሽ ነው። ሌላው ደብተር የሚያክል ታብሌት። ስልኩን አንስቼ ካርታውን ሳይ ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ማውጣት አፈርኩ። ልጆቹ ታብሌቱን ሲያነሱ እኔም ታብሌቱን አነሳሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኼ ነው።

ሻጩ አልዋሸኝም። ታብሌቱ ሲም ካርድ ቢወስድም ለኢንተርኔት ብቻ እንደሆነ፣ ተራ ጥሪ እንደማይቀበል ነገረኝ። አክሎም በዚህ ዘመን ሁሉም የሚደዋወለው በኢንተርኔት ነው አለ። የራሴ ስልክ ባትሪው ሞቶ ቻርጀር ላይ ካልተሰካ አይነሳም ነበርና ሲሜን አውጥቼ እዚያው ታብሌቱ ውስጥ ከተትኩ። ለሙከራ ጎረቤቴ ጋ ደወልኩ። ፊቷ ትሪ አክሎ ብቅ አለ፣ ከኋላዋ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። እንዲህ ካሳየኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ አልኩ። ጣሪያ ሥር፣ ከተማ መሃል ቆመን ነው እንግዲህ የተራራ ዕቃ የሞከርነው። ከመሃላችን አንድ ሰው እንኳ ወጣ ብለን ፀሐይ ላይ እንየው አላለም።

ተራራው ላይ የመጀመሪያው ቀን ጉዴ ፈላ። የጥቅምት ፀሐይ ሲያርፍበት ታብሌቱ ካርታውን ትቶ የራሴን ፊት ያሳየኝ ጀመር። ሻርፔን ከላዬ ደፍቼ፣ አንገቴን ቀብሬ ማየት ሆነ ሥራዬ። የችግኙ ጠባቂ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ድሮ ከተራራው ጀርባ ገብስ ያርሱ ነበር፣ ከባለቤታቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጨዋወታሉ። እንዲያ ተሸፋፍኜ ሲያዩኝ እንደ ድሮ ፎቶ አንሺዎች ሆንሽ እኮ፣ እኔንም አንድ ጉርድ ፎቶ አንሺኝ ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሏት ባለቁልፍ ስልክ አለቻቸው። የእሳቸው የትም ትጮኻለች። የእኔ ታብሌት ወደ ተራራው ጀርባ ዞር እንዳልን ዝም ይላል።

ኔትወርክ ከፈለግሽ ወደ ማረፊያው ውጪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ማረፊያው የት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር። እንጨት ተሸካሚ ሴት ሸክሟን መሬት ካወረደች ብቻዋን አትነሳም፤ የሚያሸክማት ሰው ትፈልጋለች። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ማንም ይሁን ማን «አሸክሙኝ» ከተባለ ያሸክማል፣ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው። ሰው በሌለ ጊዜ ደግሞ ወገብ ድረስ የሚመጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ሸክሙን ከጀርባ ሳያወርዱ አስደግፈውበት ትንሽ ይተነፍሱና ይነሳሉ። ማረፊያ የሚባለው እሱ ነው። እናቴ እኔን ያሳደገችኝ በዚያ መንገድ እንጨት ተሸክማ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ አርፋ ነው። ይህን ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ድንጋዩ ያለው ከተማው ወለል ብሎ በሚታይበት አፋፍ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ይይዛል። በቀን ሁለት ጊዜ እየወጣሁ የቆጠርኩትን እልካለሁ፣ የመጣልኝን አያለሁ። በመካከል ያሉት ሰዓታት ግን ገደሉኝ። ቀልቤ አልሰበሰብ አለ። አጎንብሼ ኮሶ እቆጥራለሁ፣ ልቤ በረንዳችን ላይ ነው። የሌላ ሰው ስልክ ሲጮኽ ኪሴን እዳብሳለሁ፣ ኪሴ ውስጥ ምንም የለም። ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸው የእኔን ቁጥር ለጎረቤትሽ ስጫት፣ ከደወለች እጠራሻለሁ አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኩና ሳልሰጣት ቀረሁ። የቢሮ ሰው ነኝ ባይ፣ በጥበቃ ስልክ ተጠራች መባል ከብዶኝ ነው። ዛሬ ሳስበው ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል።

ያን ሐሙስ ጠዋት እናቴ ከአልጋዋ እንደተነሳች «ገመዴ የት አለ?» አለችኝ። የምን ገመድ አልኳት። ገመዴ ነዋ፣ ረፈደብኝ አለች። ታክሲ ሊያመልጠኝ ነበርና ገመድ የለሽም እማዬ፣ ቁጭ በይ ብዬ፣ ቆጣ ብዬባት ወጣሁ።

ተራራው ላይ እንደደረስኩ መቆጣቴ ይቆጠቁጠኝ ጀመር። አንዷን ወይራ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ ቦርሳዬን እከፍታለሁ። ሽማግሌው ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው፣ ጉንዳን የወረረሽ መሰልሽ አሉኝ። የመላኪያዬ ሰዓት ገና ቢሆንም ሥራውን ጥዬ ወደ ማረፊያው ሽቅብ ተያያዝኩት። እሳቸውም ሁኔታዬ አላማራቸው መሰል፣ ዱላቸውን ይዘው ከኋላዬ ቀስ እያሉ ተከተሉኝ።

ድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ተደግፋለች። ከሩቅ ሳያት ከተሸካሚዎቹ አንዷ መሰለችኝ። ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ ነበር። ቀረብ ስል አንድ እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ባዶ። ትከሻዋ ላይ የግቢያችን ልብስ ማስጫ ገመድ ተጠምጥሟል።

እናቴ ናት። በሰባ ምናምን ዓመቷ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ። ልጮኽም ላለቅስም አፌን ስከፍት ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ሰላም ነው፣ ግን አላወቀኝም።

«እህት ዓለም፣ ደህና ዋልሽ? እባክሽ አሸክሚኝ፤ ልጄ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ ቤት መድረስ አለብኝ» አለችኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። የሚሸከሙት ነገር የለም፣ አንዲት ጭራሮ እንኳ። ተይ ነይ እንሂድ፣ እኔ ነኝ ልጅሽ ብላትስ? ጠዋት ገመድ የለሽም ብያት ያመጣሁትን አይቻለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አሸክሚኝ ላለ ሰው መልሱ አንድ ነው። ታብሌቱ ያለበትን ቦርሳዬን አውልቄ ጀርባዋ ላይ አኖርኩት፣ ገመዱን ድሮ እሷ ስታደርግ እንዳየሁት በደረቷ አዙሬ አሰርኩላት። ክንዷን ደገፍኳትና ተነሳች። ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሸክሙን መዘነችው።

«ቀላል ነው» አለች ቅር እያላት፣ «ይኼ ዛሬ ብዙም አያወጣም።»

ይኼኔ ታብሌቱ ኔትወርኩን አገኘና ጀርባዋ ላይ ይንጫጫ ጀመር። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይከተላል። የጎረቤቴ መልእክቶች እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሉም አውቃለሁ። የሚፈልጓት እናቴ ራሷ ወሬዋን ተሸክማ ቆማለች። አውጥቼ አላነበብኩም።

ሽማግሌው እያለከለኩ ደረሱ። ስልካቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸውና ለጎረቤቴ ደወልኩ። ስታለቅስ ቆይታ ድምጿ ዘግቷል፤ ማሽኑ ላይ ክር ላስገባ ጎንበስ ባልኩበት ነው የወጡብኝ አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። ስልኩን ስመልስ ሽማግሌው እናቴን ትኩር ብለው ያያሉ።

«እናቴ ናት» አልኳቸው። ለሥራ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አውቃቸዋለሁ እኮ» አሉኝ። «በዚህ መንገድ ስንቴ አሸክሜያቸዋለሁ።»

በማግስቱ ታብሌቱን መልሼ ያን ጡብ የሚያህል ስልክ ወሰድኩ። መነጽሬን እንደ ሽማግሌው ስልክ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምሠራው። የእሳቸውም ቁጥር ጎረቤቴ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ ተለጥፏል። ስልኬ አሁን ይጮኻል፣ እኔ ግን ከዚያ ወዲህም አላረፍኩም። በጮኸ ቁጥር ልቤ ከቦታው ይነሳል።

ይኼ የማግስቱ ነገር ነው። ያን ቀን እናቴ የእኔን ጫማ አጥልቃ ከፊት ከፊቴ ቁልቁል ትሮጥ ነበር፣ እኔ በእግር ሹራብ ከኋላዋ። ቀስ በይ ስላት ልጄ ትመጣለች ትለኛለች። ግቢ ስንደርስ ሸክሟን አራገፍኩላት። ወደ ቤት ግቢ ብላት እንቢ አለች። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ገመዱን ጉልበቷ ላይ ጠቅልላ፣ ትምህርት ቤት የሚለቀቁ ልጆች የሚመጡበትን መንገድ ታይ ጀመር።

«ገና ናት» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ ድረስ ሁለታችን እዚያው ሆነን እኔን ጠበቅን።