ስድስት እጅ፣ አንድ ትሪ

ልጄ ከትምህርት ቤት ያመጣችው የእንግሊዝኛ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «ቤተሰባችሁ ቁርስ የሚበላውን ሣሉ» ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ። ምድጃው ላይ የፍርፍሩ ቁሌት ይንጫጫል። ሽታው ከዚህ ከሃሊሳ ሰፈር አንሥቶ ክርያት ያም ከተማ ያደግሁበት ቤት ወሰደኝ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠን ሳህኖቹን ትቼ አንድ ትሪ ፍርፍር፣ ዙሪያውን የስድስታችንን እጅ ሣልኩ። መምህሯ በቀይ ሰረዘችው። «ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን ያስፈልጋል፤ አስተካክለሽ አምጪ» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ሌሊቱን ፋብሪካ አድሮ መጣ። እሱ ሳይገባ ቁርስ አንጀምርም። ላጲስ ይዤ ሲያየኝ፣ «ምኑን ነው የምታጠፊው?» አለኝ። ነገርኩት። ወረቀቱን አገላብጦ አየ።

«የኔ እጅ የትኛው ነው?»

«ይሄ ትልቁ።»

«በይ እንዳትነኪው። መምህርትሽን አክብሪያቸው። ግን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። ቤሰደር?» አለኝ፤ በዕብራይስጥ «እሺ?» ማለቱ ነው።

ጉንጬ እስኪወጠር አጎረሰኝ። በርበሬ የነካው ጣቱ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ አሻራው ከመምህሯ ቀለም ይልቅ ቀላ። ምንም ሳላጠፋ ወስጄ ሰጠኋት። ደግማ ሰረዘችው።

«እማ፣ ስንቱን ሳህን ልሙላ?» አለች ልጄ።

ትሪውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩ።

«ሳህኑን ተዪው። መጀመሪያ እጆቹን ሣዪ።»