ራሳቸውን የከለከሉት ባለአደራ

ጋሼ ይርሳው ከጎጃም አሰላ ለመምህርነት ሲመጡ ገና አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። መንግሥት ልጅ አይቀጥርምና ፎርሙ ላይ አሥራ ስምንት ብለው ሞሉ። በዚያ ዘመን ዕድሜውን ያልነካካ ተቀጣሪ ካለ ያሳዩኝ። የእሳቸው ጣጣ መዋሸታቸው ሳይሆን ሐቀኛ ሆነው መዋሸታቸው ነው።

የመምህራን ቁጠባ ማኅበራችን ለጡረታ የምናስቀምጠውን ገንዘብ በአደራ ይይዛል። ባለአደራው እሳቸው፣ ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ። ስድሳ ዓመት ላልሞላው አባል አንዳች አይሰጥም፤ ያለ እሳቸው ፊርማም ካዝናው አይከፈትም። እኔን በሠርጌ ሰሞን ባዶ እጄን መልሰውኛል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰኔ መንግሥት በፎርሙ ቆጥሮ በጡረታ አሰናበታቸው። ባለቤታቸው እትዬ አበባ ደስታቸውን አልቻሉትም። የቤታቸው ቆርቆሮ ወንፊት ሆኗል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋው ላይ ባልዲ ያስቀምጣሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ጡረታ ስወጣ ይሠራል» ሲባሉ ነው የኖሩት።

ጋሼ ማመልከቻቸውን አመጡልኝ፤ መዝግቤ ለባለአደራው መራሁት። ጠረጴዛውን ዞረው ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ማመልከቻ አነበቡ።

«አይፈቀድም» አሉኝ። «አመልካቹ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አውቀዋለሁ።»

ፋይሉ ስድሳ ይላል ብላቸው፣ ዋሽቶ የሞላው ነው አሉ። ሌላ ሰው ይፈርምልዎ ብላቸው፣ አመልካቹ ነው የላከህ ብለው ተቆጡ።

እትዬ አበባ ሽማግሌ ጠሩ። የአርሲ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድምና፣ ሽማግሌው ኦቦ ቱሳ ጋሼን አንዴ ቀኝ አንዴ ግራ እያስቀመጡ ሲሰሙ ዋሉ። አመልካቹ ስለሚያፈሰው ቤት አምርሮ ተናገረ። ባለአደራው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ መለሰ። በመጨረሻ ኦቦ ቱሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«አቦ፣ እኔ በሬ የወሰደ ሰውንና በሬ የተወሰደበትን ሰው ነው የማስታርቀው» አሉ። «ይህ ሰው ከራሱ ሲጣላ ዝናብ የሚመታው ሚስቱን ነው።»

በማግስቱ እትዬ አበባ ሻንጣቸውን ይዘው በቆጂ ወዳለችው እህታቸው ሊሄዱ ሲሉ አልጋውን አሳዩኝ።

«ባለአደራው በደረቁ በኩል ይተኛ፤ ዋሾው ከባልዲው ጋር» አሉ። «ሁለት ዓመቱ ሲሞላ ጥሩኝ።»

ይኸው ክረምቱ ገባ። ጋሼ ከባልዲው ጋር ይተኛሉ። ደረቁን ጎን አንጥፈው ለእትዬ አበባ ይዘውታል፤ እኔ እንኳ ልጠይቃቸው ስሄድ እዚያ ላይ አያስቀምጡኝም።